አጥንት ላይ ያለ የጥርስ ምልክት ገዳዩን ያሳያል?

ሚኪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ማሞት (ከምድር የጠፋ ዝሆን መሰል እንስሳ) አጥንት ፎቶ እያየሁ ነበር። ጭረትና ጉድጓድ ሞልቶበታል። ጅብ ይሁን የድመት ዘር (እንደ አንበሳና ነብር ያለ) ወይስ የድንጋይ ስለት፣ በምን ይለያል?

ሰብለ፦ ሥራዬ ቅሪተ አጥንት ማጽዳት ነው። እኔ መጀመሪያ መብራቱን ከጎን አበራና በአጉሊ መነጽር አያለሁ። የጥርስ ጭረት ታቹ ድቡልቡል ነው፣ እንደ ትንሽ ቦይ። የድንጋይ ስለት ግን ታቹ ይሾላል፤ ውስጡም ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ጅብ ጫፍ ጫፉን ቆርጥሞ መቅኔውን ነው የሚፈልገው። የድመት ዘር ስጋውን በልቶ አጥንቱን ብዙ አይነካም።

በጣም የምወደው ማስረጃ ደቡብ አፍሪካ ስዋርትክራንስ ዋሻ የተገኘው የራስ ቅል ነው። የአንድ ወጣት ፓራንትሮፐስ (ከጠፉት የሰው ልጅ ጥንታዊ ዘመዶች አንዱ) ነው። ከኋላው ሁለት ቀዳዳ አለ። ዋሻውን ያጠናው ተመራማሪ ቦብ ብሬን የነብር የታች መንጋጋ አምጥቶ ሲያስጠጋው ክራንቻዎቹ ልክ ገቡ! ባሰብኩት ቁጥር ይሰቀጥጠኛል።

ሚኪ፦ ስለዚህ ነብር ገደለው ማለት ነው?

ሰብለ፦ እሱን እንኳን አይነግርህም። ከሞተ በኋላ ሲጎትተውም ሊሆን ይችላል። የቀዳዳው ዳር አዲስ አጥንት አብቅሎ ከዳነ ግን እንስሳው ከንክሻው ተርፏል ማለት ነው። እኔ ሁሌ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው።

ዮናስ፦ ምልክት ያጣላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን፣ አፋር ውስጥ ዲኪካ የተገኙትን የእንስሳት አጥንቶች ጥናት ተመልከት፤ ዕድሜያቸው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ነው። አንዱ ወገን የድንጋይ መሣሪያ ነው አለ። ሌላው የእንስሳት ኮቴ ረግጦት ነው አለ፤ አዞ ያሉም አሉ።