ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር፦ ሦስተኛው ኮፒ አይነበብም፣ በፊደሉ ላይም ነጭ መስመር ያልፋል

ጠያቂ፦ የመጋዘን ሒሳብ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅምላ መጋዘን ወደ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳና ሸዋ ሮቢት ለሚጫን ዕቃ የመላኪያ ሰነድ የምናትመው በባለ ሦስት ኮፒ ተያያዥ ወረቀት ላይ ነው። ነጩ ለተረካቢው፣ ሮዙ ለሒሳብ ክፍል፣ ቢጫው ለመጋዘን ይቀራል። ማሽኑ ኤፕሰን ኤልኤክስ-350 ነው። ቢጫው ላይ ቁጥሩ አይለይም። በየመስመሩ ፊደል ላይ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር ከግራ እስከ ቀኝ ያልፋል። ጽሑፉም በየገጹ ወደ ታች እየወረደ ይሄዳል። ሌዘር ገዝታችሁ ተገላገሉ የሚሉን አሉ። ምን ትመክራላችሁ?

ጥገና ክፍል

ሌዘሩን ተዉት። ሌዘርም ሆነ ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር ወረቀቱን አይመታም፤ ስለዚህ ከላይኛው ወረቀት ሥር ያሉት ባዶ ይወጣሉ። ዶት ማትሪክስ ዛሬም ከመጋዘንና ከሒሳብ ክፍል ያልወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ነጩ መስመር የሄዱ፣ ማለትም ወደ ጎን እየተመላለሰ የሚያትመው ክፍል፣ ጉዳይ ነው። በሄዱ ውስጥ 9 ቀጫጭን ፒኖች አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ የራሱ ኮይል (የሽቦ ጥቅል) አለው። ኮይሉ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ፒኑ ተወንጭፎ ሪቦኑን (ቀለም የነከረውን ጨርቅ) ከወረቀቱ ጋር ያጋጨዋል፤ ከኋላ ጥቁሩ ሮለር ይደግፈዋል፤ ከዚያ ሞላው ይመልሰዋል። ሄዱ ወደ ጎን ሲሄድ ፊደሉ በነጥብ በነጥብ ይሠራል። አንድ ፒን ካልመታ የእሱ ቁመት ላይ ያለው ነጥብ በሙሉ ይቀራል፤ እናንተ የምታዩት መስመር ይህ ነው።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከጨዋታ አውጡት። ማሽኑን አጥፉ፣ ወረቀት አስገቡ፣ ኤልኤፍ/ኤፍኤፍ የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ አብሩት፤ የራሱን መፈተሻ ያትማል። መስመሩ እዚያም ካለ አጥፉትና ሄዱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ሲሠራ የቆየ ሄድ ጣት ያቃጥላል። ሪቦኑን አንሡና የሄዱን አፍ በባትሪ ብርሃን እዩ። ወደ ውስጥ የገባ ወይም አጥሮ የሚታይ ፒን ካለ ተሰብሯል፣ ወይም በደረቀ ቀለምና በወረቀት ብናኝ ተጣብቋል። ለተጣበቀው በአይሶፕሮፒል አልኮል የራሰ ጨርቅ ላይ አፉን ብቻ አሳርፉት። ሄዱን ሙሉውን አትንከሩት፤ ኮይሎቹ ከኋላ ናቸው።

ፒኑ ደህና ሆኖ የማይመታ ከሆነ የኮይሎቹን ኦም (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠን) ለኩ። ዘጠኙም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ምንም ካላሳየ ኮይሉ ተቃጥሏል። መስመሩ አንድ ሳይሆን ብዙ ከሆነ፣ ሄዱ ሲንቀሳቀስም የሚመጣና የሚጠፋ ከሆነ፣ ወደ ሄዱ የሚሄደው ጠፍጣፋ ኬብል መታጠፊያው ላይ ተሰንጥቋል።

ወረቀትና ሪቦን አቅራቢ

ስለ ቢጫው፦ ሪቦን ለመግዛት አትቸኩሉ። የሪቦኑ ቀለም የሚያርፈው በነጩ ላይ ብቻ ነው። ሮዙና ቢጫው የሚጻፉት በምቱ ኃይል ነው፦ በነጩ ጀርባ ላይ የተቀቡ ጥቃቅን የቀለም ከረጢቶች ሲመቱ ይፈነዳሉ፤ የሮዙ ፊት ተቀብሎ ያቀልማቸዋል፤ የሮዙ ጀርባ ደግሞ ለቢጫው እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ነጩ ደብዝዞ ሮዙና ቢጫው ከደመቁ ሪቦኑ አልቋል። ነጩ ደምቆ ቢጫው ከጠፋ፣ እንደ እናንተ ማለት ነው፣ ምቱ እዚያ አልደረሰም።

የወረቀት ውፍረት ማስተካከያ ማንሻዋን እዩ። 0 ለነጠላ ወረቀት ነው፤ ለባለ ሦስት 2 ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ በላይ ከሆነች ሄዱ ይርቃል፣ ምቱም ይደክማል። በጣም ካቀረባችኋት ደግሞ ሪቦኑ ወረቀቱን ያቆሽሻል፣ ፒኑም የሪቦኑ ጨርቅ ላይ ይያዛል።

ወረቀቱንም ፈትሹ። ከባድ ዕቃ ተጭኖበት የከረመ ከሆነ ከረጢቶቹ ገና ሳይታተም ፈንድተው ወረቀቱን ያጠቁሩታል። በክረምት ከወለል ከፍ አድርጋችሁ በካርቶኑ ውስጥ አስቀምጡት፤ እርጥበት የጠጣ ወረቀት የጠርዙ ቀዳዳ ወረቀቱን ከሚጎትተው ጥርስ ጋር አይገጥምም። በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ ደግሞ ከሰነዱ በፊት ጥቂት መስመር መፈተሻ አስመቱ፤ ማሽኑ ከ5 ዲግሪ በታች እንዲሠራ አልተዘጋጀም።

አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ያለቀ ሪቦን ላይ የማኅተም ቀለም አታፍስሱ። ፒኖቹን የሚያጣብቃቸው እሱ ነው። ጠርዙ የተተለተለ ሪቦን ደግሞ ፒን ይሰብራል።

ፕሮግራመር

የገጹ መውረድ ከማሽኑ አይደለም። ወረቀታችሁ 11 ኢንች ነው፤ ዊንዶውስ ግን ኤ4 ብሎ ይልካል። ኤ4 ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር፣ 11 ኢንች ደግሞ 279.4 ነው፤ በየገጹ 17.6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በዊንዶውስ የፕሪንት ሰርቨር ቅንብር ውስጥ በ9.5 በ11 ኢንች አዲስ ፎርም ፍጠሩ፤ ከዚያ በፕሪንተሩም በሒሳብ ፕሮግራሙም ያንኑ ምረጡ። አንዱን ብቻ ብትቀይሩ ችግሩ ይመለሳል። ግማሽ ገጽ ፎርም ከሆነ 5.5 ኢንች፣ ማለትም በኢንች 6 መስመር ሲታተም 33 መስመር ነው። ማሽኑ በርቶ ሳለ ሮለሩን በእጅ አታዙሩ፤ የገጹን መነሻ ያጣል።

ስለ አማርኛው ደግሞ፦ ማሽኑ በውስጡ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ከዊንዶውስ እንደ ሥዕል ነው የሚላከው፤ ስለዚህ ይዘገያል። በ9 ፒን ላይ ፊደሉን ካሳነሳችሁ የሉ እና የሊ ቅጥያ አይለይም፤ በፊደል መጠን ከ12 (ፖይንት) በታች አትውረዱ። አማርኛው የሚበዛ ከሆነ ባለ 24 ፒን ይሻላል።

የመጋዘን ሒሳብ

እግዜር ይስጥልን። ማንሻዋ 4 ላይ ነበረች፤ ቢጫው አሁን ይነበባል። ገጹም ተስተካክሏል። ነጩ መስመር ግን መፈተሻው ላይም አለ፤ ስንለካ የአንዱ ኮይል ኦም ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ነው። ሄድ ብቻ ገዝተን እንቀይር?

ጥገና ክፍል

ገና አትቀይሩ። ያ ኮይል ሾርት ሆኗል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ ያልፍበታል፤ ሾርት የሆነ ኮይል ቦርዱ ላይ የሚያዘውን ትራንዚስተር ይዞ ይሄዳል። ትራንዚስተሩ ሾርት ከሆነ ፒኑን ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ይመግበዋልና አዲሱንም ሄድ ያቃጥለዋል። ሄዱን ነቅላችሁ የዘጠኙን ትራንዚስተሮች ንባብ አነጻጽሩ፤ የተለየውን ከቀየራችሁ በኋላ አዲሱን ግጠሙ።