ልጄ «ስካይ ካስል» እያየች ነው፤ ላስቁማት ወይስ አብሬያት ልየው?

የኤልዳና እናት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር «ስካይ ካስል» የሚባል የኮርያ ድራማ ጀምረዋል። ባለፈው ቅዳሜ እስቲ ምን ይሆን ብዬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ የሀብታም ሐኪሞችና የፕሮፌሰር ቤተሰቦች ናቸው። የአንዷ ልጅ ሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ገባላት። ጎረቤቶቿ በቅናት ሊሞቱ። ድግስ ተደገሰላት። ክፍሉ ሊያልቅ ሲል ግን ያቺ እናት በረዶው መሀል ራሷን አጠፋች።

ደነገጥኩና «ዝጊው!» አልኳት። ዘጋችና «እማ፣ አንቺም እኮ እንደነሱ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሁለት አስጠኚ አላት፣ ቅዳሜም ትማራለች። ለእሷው ብዬ ነው። ድራማው ለዕድሜዋ ይሆናል? የሚያሳየውስ እውነት ነው ወይስ የተጋነነ? ለዚያ ንግግሯስ ምን ብዬ ልመልስላት?

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ ብሆን አስቆማታለሁ። በ15 ዓመት ራስን ማጥፋት፣ ግድያ፣ ውሸት ምን ያደርግላታል? ልጆች ያዩትን ይይዛሉ።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦
ሰላም እትዬ። 20ውንም ክፍል ጨርሻለሁ፣ እንዲያውም ሁለቴ። ታሪኩን ማበላሸቴ ነው፣ ግን እናት ነዎትና የሚመጣውን ይወቁት።

ዋናዋ ሃን ሶጂን ትባላለች። ልጇ ዬሶ አንደኛ የምትወጣ ተማሪ ናት፤ አያቷ ደግሞ ቤተሰቡ በሦስተኛው ትውልድም ሐኪም እንዲኖረው ነው የምትፈልገው። ሶጂን ኪም ጁዮንግ የምትባል «ኮርዲኔተር» ትቀጥራለች። ይቺ ሴት አስጠኚ ብቻ አይደለችም። ዬሶ ከማን ትማር፣ የትኛው ክበብ ትግባ፣ የተማሪዎች ተወካይ ሆና እንዴት ትመረጥ፣ ሁሉን እሷ ናት የምትወስነው። እናትየው ዝም ብላ ማመን ብቻ ነው ያለባት። ራሷን ያጠፋችው እናት ልጅም የዚችው ሴት ተማሪ ነበር።

በኋላ የትምህርት ቤቱ ፈተና ተሰርቆ በኮርዲኔተሯ በኩል ዬሶ እጅ ይገባል። ሄና የምትባል ተማሪ ትደርስበታለች፤ ትገደላለች። እጁ የሌለበት ልጅ ይታሰራል። ሶጂን እውነቱን አወቀች። ብትናገር የልጇ ሕክምና ቀረ። ዝም ብትል የሰው ልጅ እስር ቤት ይበሰብሳል። እኔ ያለቀስኩት እዚያ ጋ ነው። በመጨረሻ ትናገራለች፣ ዬሶም ትምህርት ቤቱን ትለቃለች።

አንድ ነገር ልጠቁምዎት። ኖ ሱንግሄ የምትባል እናት አለች። ባሏ የሕግ ፕሮፌሰር ነው፤ ለመንታ ልጆቹ ሕይወት ፒራሚድ ናት፣ ጫፏ ላይ ካልወጣችሁ ትጨፈለቃላችሁ ይላቸዋል። ልጆቹ የሚያጠኑበት ክፍል ጨለማ ነው። አንድ ቀን ባሏ በሌለበት ሠራተኛ ጠርታ የዚያን ክፍል ግድግዳ ታስፈርሰዋለች። ቢያንስ እሱን ከኤልዳና ጋር ይዩት።

ከሴኡል የተመለስኩ፦
እህቴ፣ ለሁለተኛው ጥያቄሽ እኔ ልመልስ። ሴኡል ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ፣ አንዱን ዓመት ቋንቋ፣ ሁለቱን ማስተርስ። ግድያው የድራማ ነው። ጭንቀቱ ግን የእውነት ነው።

«ስካይ» ማለት ሴኡል ብሔራዊ፣ ኮርያና ዮንሴ ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ናቸው። ከነዚህ ከሦስቱ መመረቅ ለሥራውም ለትዳሩም ይቆጠራል። ድራማው በወጣበት ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ውጤት በዘጠኝ እርከን ነበር የሚከፈለው። የመጀመሪያው እርከን ከ100 ተማሪ ለ4ቱ ብቻ ነው። ጎበዝ መሆንሽ አይበቃም፣ አጠገብሽ የተቀመጠችውን መብለጥ አለብሽ። ጓደኛሽ ማስታወሻዋን ብታውስሽ ራሷን ጎዳች ማለት ነው። ልጆቹን እርስ በርስ የሚያናክሳቸው ክፋት እንዳይመስልሽ፣ ይሄ አሠራር ነው። በፈረንጆቹ 2025 ሁለተኛ ደረጃ የገቡት ተማሪዎች ወደ አምስት እርከን ተቀይሮላቸዋል፣ የመጀመሪያው ለ10 በመቶው ሆኗል።

ዴቺ ዶንግ የሚባል ሰፈር አለ፣ ጋንግናም በሚባለው የሴኡል ክፍለ ከተማ ውስጥ። ሕንፃው ሁሉ የማስጠኛ ቤት ነው። ሴኡል ውስጥ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ማስተማር ስለሚከለከል፣ ልክ በዚያ ሰዓት ልጆች ቦርሳቸውን እየጎተቱ ግር ብለው ይወጣሉ። ወላጆች መኪና አሰልፈው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሳየው አደጋ የደረሰ መስሎኝ ነበር።

የመግቢያው ፈተና ሱኑንግ ይባላል፣ በኖቬምበር አንድ ቀን ብቻ። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡40 እስከ 11፡45። የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ሲፈተኑ አውሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም። ያረፈደ ተማሪ ፖሊስ በሞተር ያደርሰዋል። አገሩ በሙሉ ለእነሱ ትንፋሹን ይውጣል። ደስ ይላል፣ ያስፈራልም።

አንድ ያሳዘነኝን ልጨምር። ድራማው ውስጥ ዬሶ የምታጠናበት ቁም ሣጥን የመሰለ ጠባብ የእንጨት ክፍል አለ። ደራሲዋ የጻፈችው ለማስጠንቀቅ ነው። ድራማው ሲታይ ግን ያንን ሣጥን የሚገዛው ወላጅ በዛ፣ ኮርዲኔተር የሚያፈላልገውም እንዲሁ። የመጀመሪያው ክፍል 1.7 በመቶ ተመልካች ነበረው፣ የመጨረሻው ከ23 በመቶ በላይ። ያን ሁሉ ሰው አስለቅሶ ሣጥን አስገዛ።

ነርስ ነኝ፦
የሦስት ልጆች እናት ያለችው ሐሳብ ይገባኛል። ግን ልጅቷ አንዴ አይታዋለች። ብትከለክያት ለብቻዋ ታየዋለች፣ ያኔ ነው የምፈራው። አብረሽ ተቀመጪ። ደግሞ እህቴ፣ በቀጥታ ጠይቂያት። «አንቺስ ራስሽን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል?» በያት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም። «አዎ» ካለችሽ አትቆጪ፣ ብቻዋን አትተያት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። «አይ» ካለችም እንቅልፏንና አበላሏን ተከታተይ።

መምህር ጌ.፦
25 ዓመት አስተምሬያለሁ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ የተሰረዘ ጊዜ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ያለቀሱት ጎበዞቹ ናቸው። ስለዚህ የኮርያው ታሪክ ለኔ ሩቅ አይደለም።

እህቴ፣ ንግግሯን እንደ ስድብ አትውሰጂው። 15 ዓመት የሞላት ልጅ ፊት ለፊት ከተናገረችሽ ገና ታምንሻለች ማለት ነው። የሚያሳስበኝ ዝም የምትለው ናት። መልስ አታዘጋጂ። «ምኔ ነው እነሱን የሚመስለው?» ብለሽ ጠይቂያትና እስክትጨርስ ዝም በይ። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» የምትለውን ለዛሬ ተያት።

የኤልዳና እናት (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ መምህር እንዳሉት ጠየቅኳት። ብዙ አሰበችና «ውጤት ይዤ ስመጣ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ‹ማን አንደኛ ወጣ?› ብለሽ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ትዝ አላለኝም ነበር እንጂ ሁሌ እንደዚያ ነው የምላት። እናቴም እኔን እንደዚያ ነበር የምትለኝ።

የነርሷንም ጥያቄ ጠየቅኳት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። «አይ እማ፣ የለም። ግን በጣም ይደክመኛል» አለችኝ። ለቅዳሜው አስጠኚ ዛሬ ደውዬ አቁመናል ብያለሁ። የሒሳቡ ይቀጥላል፣ እሱን ራሷ ፈልጋዋለች።

ግድግዳው የሚፈርስበት ክፍል ላይ ገና አልደረስንም። ስማቸው ሁሉ ይምታታብኛል፣ ቡና እያፈላን እሷ ናት የምታስረዳኝ።