አያሉ ተራራን በሸንተረሩ በኩል ልንወጣ እያሰብን ነው፣ አፋርን የምታውቁ እባካችሁ ምከሩን

ጦሳ_ወጪ (ደሴ)

ሰላም ያገሬ ልጆች እንዴት ናችሁ። እኛ ደሴ ያለን ትንሽ የሃይኪንግ ግሩፕ ነን፣ ጦሳን እንወጣለን፣ አዝዋ ገደልን ዳር ዳሩን እንሄዳለን፣ አንዳንዴም ኮምቦልቻ ወርደን የጎፍን እንወጣለን። አሁን ግን የሁላችንም ልብ አፋር ወርዷል። ኤርታሌ አይደለም፣ ኤርታሌ 613 ሜትር ነው፣ ብዙ ሰውም ሄዶበታል። እኛ ያሰብነው ገዋኔ አጠገብ ያለውን አያሉን ነው። ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሄደ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ከሜዳው ድንገት ብድግ ብሎ የቆመውን። ከፍታው 2145 ሜትር ነው፣ ይሄ ለደሴ ሰው ምንም አይመስልም ምክንያቱም ቤታችን ራሱ ከዚያ በላይ ነው፣ ግን ገዋኔ 600 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ከእግሩ እስከ ጫፉ 1500 ሜትር ገደማ ዳገት አለ ማለት ነው። ጦሳን ከከተማ ተነስተን ስንወጣ የዚህን ግማሽ እንኳን አናገኝም።

በጉግል ኧርዝ አገላብጠን አይተነው አንድ ሸንተረር መርጠናል፣ ታችኛው ክፍል ሰፊ ነው፣ ላይኛው ሲሶ ግን እየቀጠነ ይሄዳል፣ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ቆረጥ ያለ ነገር የሚመስል ጥላ ይታያል። አምስት ነን፣ ሁላችንም እግራችን ጥሩ ነው፣ በረሃ ግን ሄደን አናውቅም። የትኛው ወር ይሻላል፣ ለሰው ስንት ሊትር ውሃ እንያዝ፣ ገመድ ያስፈልጋል ወይ፣ ማንን ነው ማስፈቀድ ያለብን? ይሄንን ተራራ ከልባችን ነው የምንፈልገው፣ በደንብ አስበንበት መሄድ ስለፈለግን ነው የምንጠይቀው።

የመስመር_ሹፌር (ኮምቦልቻ)

ሰላም ወንድሞች። እኔ መኪና ላይ ነው የምሰራው፣ ተራራውን ከመንገድ ላይ ነው የማውቀው፣ ስለዚህ ስለ መንገዱ ልንገራችሁ። ከኮምቦልቻ በባቲ ትወርዳላችሁ፣ ሚሌ ጋ ወደ አዋሹ መንገድ ትታጠፉና በአዳይቱ በኡንዱፎ አድርጋችሁ ገዋኔ ትገባላችሁ። አስፋልት ነው፣ ችግሩ ከአስፋልቱ ስትወጡ ነው። ያ አካባቢ ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃማ ዛፍ የወረሰው ነው፣ እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል የስኒከር ሶል ደግሞ ሳይታወቀው ነው የሚያልፈው፣ ሙቀቱን ለመሸሽ ደግሞ በሌሊት መሄዳችሁ አይቀርም። ስለዚህ አንድ ስኮርታ ይበቃል ብላችሁ እንዳትወጡ፣ ሁለት ያዙ፣ መንፊያም ያዙ፣ ጎሚስታ ያለው ከተማ ውስጥ ብቻ ነው። ጫማም ሶሉ ወፍራም የሆነ አድርጉ።

ሌላው መኪናው ጋ የሚቀር ሰው ይኑራችሁ፣ አምስታችሁም እንዳትወጡ። የሚቀረው ሰው በስንት ሰዓት ካልተመለሳችሁ ወደ ገዋኔ ሄዶ ሰው መጥራት እንዳለበት በቁርጥ ይነገረው፣ «ትንሽ ልጠብቃቸው» እያለ እንዳይመሽበት። አወጣጡን በተመለከተ ግን እኔ ብሆን ሸንተረሩን ትቼ በሸለቆው ነው የምወጣው፣ ቢያንስ ጥላ አለው።

ድንጋይ_አንባቢ (ደሴ)

ጋሼ ሹፌር ስለ መንገዱ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ሸለቆው ላይ ግን አልስማማም። ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት፣ ለዚህ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት። አያሉ እሳተ ገሞራ የሠራው ተራራ ነው፣ ድንጋዩ በአብዛኛው ራዮላይት የሚባለው ነው፣ ብስባሽና ስንጥቅጥቅ ያለ ይሆናል። እንደዚህ ዓይነት ተራራ ላይ ከላይ የተፈታው ድንጋይ ሁሉ የሚወርደው ሸለቆ ለሸለቆ ነው። ከፊት ያለው ሰው አንድ ድንጋይ ቢያንከባልል ከኋላ ያሉት መሸሻ የላቸውም። ነፋስም አይገባበትም፣ ቀን የጋለው ድንጋይ ማታ ሙቀቱን ይተፋል፣ ስለዚህ ጥላው የሚታሰበውን ያህል አይጠቅምም። ሸንተረሩ ላይ ጥላ የለም ግን ነፋስ አለ፣ ድንጋይም ግራና ቀኝ ነው የሚወርደው፣ ወደየት እየሄዳችሁ እንደሆነም ታያላችሁ። ምርጫችሁ ጥሩ ነው እላለሁ።

ደግሞ በ2017 መጀመሪያ ወራት ከዚያ በስተደቡብ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ በተከታታይ ሲንቀጠቀጥ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን፣ አዲስ አበባ ድረስ ነው የተሰማው፣ ስንት ሰው ከቤቱ ወጣ። ስምጥ ሸለቆው እየተከፈተ ያለበት መስመር ስለሆነ ነው፣ አያሉም እዚያው መስመር ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ቆሞ የሚታይ ድንጋይ ሁሉ ጠንካራ ነው ብላችሁ እንዳታምኑት። ክብደታችሁን ሳትጥሉበት በፊት በእጃችሁ መታ አድርጉት፣ የሚያስተጋባ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ተዉት። ከሁለት እግርና ከሁለት እጅ ሦስቱ ሁልጊዜ የያዙ ይሁኑ፣ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀስ።

እንደዚህ ዓይነት ተራራ ላይ ባልጩትም አይጠፋም። ጥቁር የሚያብለጨልጭ ነው፣ ሲሰበር ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፣ የድሮ ሰው መቁረጫውን ከሱ የሚሠራው ዝም ብሎ አይደለም። እዚያ ላይ መንሸራተት ማለት መዳፍ መተልተል ነው፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት ከግንባታ ዕቃ መሸጫ ግዙ። ሄልሜትም እንደዚሁ።

ገመድን በተመለከተ ጭነት የሚታሰርበትን ናይለን ገመድ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። የመውጫ ገመድ ሰው ሲወድቅበት ተለጥጦ ድንጋጤውን ይቀበላል፣ የጭነቱ ገመድ እንደሱ አይለጠጥም፣ ወገብ ሊሰብር ይችላል፣ ባልጩት ጠርዝ ላይ ከተፈተገ ደግሞ ይበጠሳል። የሰለጠነ ሰውና ትክክለኛ ዕቃ ከሌላችሁ ሕጉ አጭር ነው፤ ገመድ የሚያስፈልግበት ቦታ ከደረሳችሁ እዚያ ጋ ተመለሱ። እነዚያ ሁለት የጥላ ቦታዎች ላይ ዙሪያውን መሄጃ ካለ አለ፣ ከሌለ የናንተ ጫፍ እሱ ነው። መውጣት የቻላችሁትን ቦታ ሁሉ መውረድ ትችላላችሁ ማለትም አይደለም፣ ስትወጡ እየዞራችሁ ወደ ታች እዩ።

ሲስተር_ከደሴ

ልጆች እኔ ነርስ ነኝ፣ ስለ ድንጋዩ ወንድማችን ተናግሯል፣ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ደሴ ላይ ጎበዝ መሆን በረሃ ላይ ምንም አያደርግላችሁም፣ ሰውነት ሙቀት የሚለምደው ቀስ እያለ ነው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ቢያንስ ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ሳምንታት ባቲ እየወረዳችሁ በቀን ሙቀት ቦርሳ ተሸክማችሁ ሂዱ። ጠዋት በብርዱ ጦሳን መውጣት ለዚህኛው ብዙም አያዘጋጃችሁም። ወሩ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ይሁን፣ ከዚያ በኋላ እየጋለ ይሄዳል።

ደግሞ አስተውሉ፣ የደሴ ተራራ ስትወጡ ወደ ብርድ ነው የምትወጡት ስትወርዱ ይሞቃችኋል ደስ ይላችኋል። አያሉም ላይ እንደዚያው ነው፣ ጫፉ ከእግሩ በ10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ላይ ሆናችሁ ምንም ያልሆናችሁ ይመስላችኋል። ጉዳቱ የሚመጣው ስትወርዱ ነው፣ ደክሟችሁ፣ ውሃው አልቆ፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሆኖ፣ በየመቶ ሜትሩ ሙቀቱ እየጨመረ።

ስለዚህ ሰዓቱን ከቀጭኑ ቦታ ተነስታችሁ ወደኋላ ቁጠሩት። ቀጭኑ ሲሶ ላይ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መድረስ አለባችሁ፣ በጨለማ እዚያ ላይ መሆን የለም። ከታች እስከዚያ 1000 ሜትር ዳገት ነው፣ በሰዓት 250 ሜትር ብትወጡ አራት ሰዓት ይፈጃል፣ ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መነሳት ነው። ጨረቃ ሙሉ የሆነችበትን ሳምንት ምረጡ፣ የራስ ባትሪም ለየሰው ይኑር፣ እባብና ጊንጥም አለ። ከዚያ ጠዋት 4 ሰዓት ሲል የትም ሁኑ የት ዙሩ። ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀረውም ዙሩ። ይሄን አሁን ቤታችሁ ሆናችሁ ተማማሉበት፣ እዚያ ላይ ሆኖ የሚወስን ሰው ጫፉን እያየ ነው የሚወስነው።

ውሃ ለአንድ ሰው ከ8 ሊትር አይነስ፣ በሙቀት ዳገት የሚወጣ ሰው በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። 8 ሊትር 8 ኪሎ ነው፣ ከባድ ነው አውቃለሁ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ በርዶ ሲል ግማሹን ተሸክማችሁ ሸንተረሩ ላይ የተወሰነ ቦታ አስቀምጡት፣ ስትወርዱ የሚያድናችሁ እሱ ነው። ጋራው ላይ ውሃ እናገኛለን ብላችሁ አትቁጠሩ። ውሃ ብቻ መጠጣትም ጥሩ አይደለም፣ ጨው በላብ ይወጣል፣ ኦአርኤስ ያዙ፣ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ነው የሚበጠበጠው፣ በግማሽ ሊትር እንዳታደርጉት። ቆሎና በሶ አትርሱ፣ በሶው ላይ ጨው ጠንከር አድርጉ።

ከመካከላችሁ አንዱ መንገዳገድ ከጀመረ፣ የማይገናኝ ነገር ካወራ፣ ያለምክንያት ከተናደደ፣ ላቡ ባይቆምም እንኳን ሙቀት መትቶታል በሉ። እዚያው ጥላ ሥሩለት፣ ነጠላ ዘርጉና ያዙለት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ውሃ አፍስሱበት አራግቡለት፣ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ ነው ከዚያ በኋላ ነው ማውረድ። ፓራሲታሞል አትስጡት አይጠቅመውም፣ ራሱን ከሳተ በአፉ ውሃ አታድርጉበት። ገዋኔ ስታድሩ ደግሞ አጎበር ያስፈልጋል፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ቆላ እንደነበራችሁ ንገሯቸው።

ጦሳ_ወጪ (ደሴ)

ሲስተር እግዜር ይስጥልን፣ እውነት ለመናገር እኛ ያሰብነው ለሰው አራት ሊትር ነበር፣ ሰዓቱንም ከጫፉ ነበር የቆጠርነው። አሁን የቀረን የፈቃዱ ነገር ነው። ከክልል ነው ከወረዳ?

የባቲ_ሰኞ (ባቲ)

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ባቲ ነው የተወለድኩት፣ በእናቴ በኩል አፋር ነኝ፣ እስካሁን ማንም ስላላነሳው ነው የምጽፈው። ያ ተራራ ባለቤት የሌለው አይደለም፣ ግመልና ፍየል ይዞ የሚኖር ሰው አለበት። ገዋኔ በገቢ ረሱ ዞን ነው፣ መጀመሪያ ወረዳ አስተዳደር ሄዳችሁ ራሳችሁን አስተዋውቁ፣ መታወቂያችሁን አሳዩ፣ ከዚያ እነሱ ወደ ጎሳው ሽማግሌዎች ይመሯችኋል። የወረዳ ደብዳቤ ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ታች ላለው እረኛ ምኑም አይደለም። በአፋርና በኢሳ መካከል በዚያ መስመር ስንት ዓመት የኖረ ግጭት አለ፣ ሌሊት በባትሪ ተራራ የሚወጣ የማይታወቅ ሰው ሲታይ ምን እንደሚታሰብ እናንተው ገምቱት። ስለዚህ ከናንተ ጋር የአካባቢው ሰው መኖሩ ግዴታ ነው፣ የምትወጡበትንም ሌሊት ሰዉ ሁሉ አስቀድሞ ይወቀው።

መሪያችሁን በመንገድ አታጣድፉት። ሰው ሲያገኝ ይቆማል፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ዳጉ ይጀምራሉ፤ ከየት መጣህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ማን ታመመ፣ መንገድ ላይ ምን አየህ። እናንተ ቁማችሁ ሰዓት ታያላችሁ፣ እሱ ግን ከፊታችሁ ያለው መንገድ ሰላም መሆኑን እየጠየቀላችሁ ነው። እንደ ዳጉ ያለ ትክክለኛ ወሬ በስልክ አታገኙም፣ ኔትወርክም ላይኖር ይችላል።

ክፍያውን በቀን ተስማሙ፣ ጫፍ ብትደርሱም ባትደርሱም ያው ይሁን፣ አለበለዚያ ሲስተር ያለችው 4 ሰዓት ላይ መዞር አይሆንላችሁም። ቀጭኑ ቦታ ላይ አልወጣም ካለም አታስገድዱት፣ እዚያ ይጠብቃችሁ። የምትሄዱት ረመዳን ውስጥ እንዳይሆን እዩ፣ የፆመ ሰው ይዞ ያንን ዳገት መውጣት ነውር ነው። ድሮን ቤታችሁ ተዉት፣ ሴቶችን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ።

ጦሳ_ወጪ (ደሴ)

ወንድሜ አላህ ይስጥህ። አሁን ግሩፑ ውስጥ ተነጋግረን ሁለት ጊዜ ለመሄድ ወስነናል። ኅዳር ላይ ገዋኔ ወርደን ወረዳውንና ሽማግሌዎቹን እንጠይቃለን፣ ሸንተረሩን ከታች በዓይናችን እናየዋለን፣ ከተፈቀደልን ታኅሣሥ መጨረሻ ወይ ጥር ላይ ጨረቃዋን አይተን እንወጣለን። አራታችን እንወጣና አንዱ መኪናው ጋ ይቀራል። ለውሃው ሃያ ሊትር ጀሪካን ሁለት ልንገዛ ነው፣ ጋሼ ሹፌር ይበቃል ይላሉ?

የመስመር_ሹፌር (ኮምቦልቻ)

ለመኪናው ይሁን፣ ለመኪናው እንዲያውም ሦስት አድርጉት፣ የሚጠብቀው ልጅና መሪያችሁም ይጠጣሉ። ወደ ላይ ግን ሃያ ሊትሩን ማን ይሸከመዋል፣ ቀጭን ቦታ ላይ ሚዛን ያስታል። ባለ አምስት ሊትሩን ግዙ፣ የዘይት የነበረውን ሳይሆን አዲሱን፣ አንዱ ቢቀደድ ሌላው አለ። ክዳኑን ደሴ እያላችሁ ሞልታችሁ ገልብጣችሁ አሳድሩትና እዩት፣ የሚያንጠባጥበው ያኔ ይታወቃል። ስለ ሸለቆውም የድንጋዩ ልጅ ያለው ይሻላል። የመንገዱን ወሬ ልትነሱ ሁለት ቀን ሲቀራችሁ እዚህ ጻፉልኝ፣ ከመስመሩ የመጡ ልጆችን ጠይቄ እነግራችኋለሁ።