ኮከቡ ከፈነዳ ቆየ፣ ቅሪቱ ለምን እስካሁን ያበራል?

ማታ_ሰማይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የቬይል ኔቡላን፣ ማለትም የፈነዳ ኮከብ ትቶት የሄደውን የጋዝ ደመና ፎቶ ካየሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። ኮከቡ ከፈነዳ 10,000 ዓመት አልፎታል ይላሉ። እሳት ቢሆን እኮ እስካሁን አመዱም በቀዘቀዘ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ ክር ብርሃኑን ከየት አመጣው? ህዋ ባዶ አይደል እንዴ፣ ከምን ጋር ነው የሚጋጨው?

ጥቁር_ሰሌዳ፦
ነገሩ ያለው "ባዶ" ያልከው ላይ ነው ወንድሜ። በከዋክብት መካከል በአማካይ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አንድ አቶም ገደማ አለ። ኢምንት ነው፣ ግን ቅሪቱ አሁን ከዳር እስከ ዳር ከ100 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት) በላይ ሰፍቷል፣ በመንገዱ ያገኘውን ጋዝም ሁሉ እየጠረገ ከፊቱ ከምሮታል። ግሬደር አፈር ሲገፋ አይተህ የለ? አፈሩ በተከመረ ቁጥር ይከብደዋል። ይሄም መጀመሪያ በሴኮንድ 10,000 ኪሎሜትር ገደማ ይወረወር የነበረው አሁን ወደ ጥቂት መቶ ወርዷል። የምታየው ብርሃን የድሮው እሳት ትራፊ አይደለም። የፍንዳታው ማዕበል አዲስ ጋዝ በገጨ ቁጥር ያ ጋዝ ይግልና ያበራል።

ባለ_ቴሌስኮፕ፦
እኔ ልጨምር። ክር የሚመስሉት ክር አይደሉም፣ ስስ ሆኖ የተዘረጋ ጋዝ ነው። ነጠላ ዘርግተህ ፊት ለፊት ስታየው ያሳልፋል፣ እጥፋቱን በጎን ስታየው ግን ነጭነቱ ይጎላል አይደል? ልክ እንደዚያ። ቀዩ በአብዛኛው ሃይድሮጅን ነው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ኦክስጅን። ባለፈው ጥቅምት ከከተማ ወጥቼ ስፈልገው ያለ ማጣሪያ ምንም አልታየኝም፣ የኦክስጅንን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈውን ማጣሪያ ስገጥም ግን እንደ ዕጣን ጭስ ቀጥኖ ብቅ አለ። እውነት ለመናገር ደርቄ ቀረሁ።

ግጭቱን በሰው ዕድሜ ውስጥ ማየት ከፈለግክ ደግሞ በ1987 እ.ኤ.አ. የታየውን ሱፐርኖቫ (የኮከብ ፍንዳታ) ተከታተል። ኮከቡ ከመፈንዳቱ 20,000 ዓመት ገደማ ቀድሞ የተፋው የጋዝ ቀለበት በዙሪያው ነበር። ማዕበሉ ሲደርስበት ቀለበቱ ላይ ነጥብ ነጥብ እያለ መብራት ጀመረ፣ ሃብል የሚባለው የህዋ ቴሌስኮፕ ባነሳቸው ፎቶዎች ላይ የዶቃ ሐብል ነው የሚመስለው።

ማታ_ሰማይ፦
ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ታዲያ የሚቆመው መቼ ነው?

ጥቁር_ሰሌዳ፦
ፍጥነቱ ከአካባቢው ጋዝ ጋር እኩል ሲሆን። ያኔ ድንበሩ ይጠፋና ኮከቡ የሠራው ኦክስጅንና ብረት እዚያው ይቀላቀላል። ግን ሁሉም ጎን እኩል አይቆምም፤ ጥቅጥቅ ያለ ደመና የገጠመው ቀድሞ ይገታል፣ ክፍት ቦታ ያገኘው ገና ይሄዳል።