የደም ግፊት ፕሮፖዛል፦ ከለካን በኋላስ?

ጸሐፊ፦ ሰላም ናችሁ። ረቂቁን ለሁላችሁም ልኬላችኋለሁ፣ አሁን ባለበት ግንቦት 9 የዓለም የደም ግፊት ቀንን አስታከን አንድ ቀን በነፃ መለካት፣ ፖስተር፣ ባነር ምናምን ነው። ዓላማው ላይ "የአዋቂዎችን ግንዛቤ ማሳደግ" ብለናል። ሀሳብ ያለው እዚሁ ይጻፍ።

ነርሷ አባል፦ እኔ ግንዛቤ ላይ ማቆማችን አልተዋጠልኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ ባወጣው ሪፖርት ከ30 እስከ 79 ዓመት ባለው እድሜ ግፊት ካለባቸው 100 ሰዎች 54ቱ ተመርምረው አውቀውታል፣ 42ቱ ይታከማሉ፣ ግፊታቸው የተስተካከለላቸው ግን 21 ብቻ ናቸው። ማያውቀው ብዙ ነው እውነት ነው፣ ግን አውቆም ጀምሮም መሃል ላይ ሚጠፋው ቀላል አይደለም እኮ። ለክተን 160 በ100 ነው ሀኪም ጋ ሂድ ብለን ወረቀት ሰጥተን ብንሸኘው ሄደ ቀረ በምን እናውቃለን? ሰውየው ምንም አላመመውም፣ ስራ አለበት፣ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ይቀራል፣ ከዓመታት በኋላ ስትሮክ ወይ የኩላሊት ድካም ይዞት ይመጣል። ፕሮፖዛሉ ክትትል ላይ ይዙር ነው ምለው፣ የመለኪያው ቀን መጀመሪያው ብቻ ይሁን።

ሒሳብ ያዥ፦ ገብቶኛል እህቴ፣ ግን ገንዘብ ሰጪ ቁጥር ይፈልጋል፣ ይሄን ያህል ሰው ለካን ማለት ቀላል ነው። ክትትልን በምን እንቆጥረዋለን? ደሞ ሰው መቅጠር አንችልም።

ነርሷ አባል፦ ይቆጠራል ወንድሜ። 140/90 እና ከዛ በላይ ከሆኑት በ1 ወር ውስጥ ሀኪም ጋ የደረሰው ስንት ነው፣ በ6 ወሩ ከዛ በታች የወረደለት ስንት ነው፣ በቃ ሁለት ቁጥር። ፈቃዳቸውን ጠይቀን ስልክ እንይዛለን፣ በጎ ፈቃደኛ ይደውላል። የላይኛው ከ180 ወይ የታችኛው ከ120 አልፎ ደረቱን ሚያመው፣ ትንፋሽ ሚያጥረው፣ አፉ ሚተሳሰር ወይ አንድ ጎኑ ሚዝል ሰው ካለ ግን ስልክ ምናምን አይጠበቅም፣ እዛው በዛው ድንገተኛ ክፍል። ይሄ በቀይ ይጻፍልኝ።

የወጣቶች ተወካይ፦ ፀጉር ቤቶችን ብናስገባስ? በ2018 እ.ኤ.አ የወጣ የሎስ አንጀለስ ጥናት አለ፣ ጥቁር ወንዶች ሚስተካከሉበት 52 ፀጉር ቤት ላይ የተሰራ። ፋርማሲስት እዛው ፀጉር ቤቱ ድረስ እየመጣ መድኃኒት ሲያስጀምርና ሲያስተካክል የላይኛው ግፊት በ6 ወር በአማካይ 27 ወረደ፣ ፀጉር አስተካካዩ ብቻ እየመከረ ወደ ሀኪም በላከበት ግን 9 ገደማ ነው። ያው እሷ ያለችውን ነው ሚያሳየው፣ ምክር ብቻውን ትንሽ ነው ሚያመጣው፣ መድኃኒቱ ሰው ያለበት ሲደርስ ነው ለውጥ ያለው። ከፋርማሲዎች ጋ ስምምነት ቢኖረን አሪፍ ነው።

አንድ አባል፦ እኔ ምለው ኪኒን ማቋረጥ ላይ በደንብ ይሰራበት። እናቴ ራሴን ካላመመኝ ግፊቴ ደህና ነው ትላለች፣ ስንለካት ግን ከፍ ብሎ ነው ምናገኘው፣ ደሞ ሲወርድላት ድኛለሁ ብላ ልታቆም ትፈልጋለች። እንደሷ ሚያስበው ስንቱ ነው። ጨው ቀንሱ ሚለውንማ ሁሉም ሰምቶታል።

ነርሷ አባል፦ ልክ ነሽ፣ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም፣ የወረደውም ኪኒኑ እየሰራ ስለሆነ ነው። ሌላው ሰው በዝምታ ሚያቆምበት ምክንያት የጎንዮሽ ነገሩ ነው፣ አምሎዲፒን እግር ሊያሳብጥ ይችላል፣ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፣ ሰው ሀኪሙን ሳይነግር ይጥለዋል፣ ቢናገር እኮ ሌላ መድኃኒት ይቀየርለታል። ሚደውለው ሰው መጀመሪያ "እየወሰድክ ነው?" ሳይሆን "ኪኒኑ ምን አስቸገረህ?" ብሎ ይጠይቅ፣ ያኔ ነው እውነቱ ሚወጣው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግፊት ከፍ እንደሚያደርጉም ይነገር፣ ለወገብ ህመም በየቀኑ ሚውጠው ሰው ብዙ ነው። ጨውም ይግባ፣ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ፖታሲየም ያለበትን ጨው ግን ኩላሊት ላለበት እንዳትመክሩ፣ አደጋ አለው።

ሒሳብ ያዥ፦ እሺ አሳምናችሁኛል። የባነሩንና የቲሸርቱን ባጀት ወደ መለኪያና የስልክ ካርድ ላዙረው?

ነርሷ አባል፦ አዙረው። መለኪያው የክንድ ይሁን የእጅ አንጓ አይሁን፣ ማሰሪያው ቢያንስ በሁለት መጠን፣ ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ማሰሪያ ከታሰረ ውሸት ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ሚለኩትም ልጆች ይሰልጥኑ፣ ሰውየው 5 ደቂቃ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ ሳያወራ፣ ክንዱ በልብ ትክክል ሆኖ፣ ሁለቴ ይለካ። ሰልፍ በዛ ብለን ይሄን ከዘለልን ጤነኛውን አስደንግጠን ነው ምንመልሰው።

ጸሐፊ፦ በጣም ጥሩ። ዓላማውን "ግፊታቸው ከፍ ያለ አዋቂዎች ህክምና ጀምረው በ6 ወር ከ140/90 በታች እንዲሆኑ መደገፍ" ብዬ እቀይረዋለሁ። ፋርማሲዎቹን የወጣቶች ተወካይ ያናግር፣ የስልክ ጥያቄዎቹን ነርሷ ትጻፍልን። ያልተዘጋው ነገር የሰዎቹ ስልክና የግፊት ቁጥር ማን ጋ ይቀመጥ ሚለው ነው፣ ሁሉም እጅ ላይ መዞር የለበትም፣ እሱ ላይ እስከ ሐሙስ ማታ ሀሳብ ስጡበት።