የባቡር ሐዲድ ቁጥር ለምን ይዘላል? (አንድ ተማሪ ተቀይሞኛል)

ጨሞጋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የፎቶኮፒና የህትመት ሱቅ አለኝ። ጎጃም ላይ ባቡር የለም፣ እኔም በቅርብ አይቼው አላውቅም፣ እንዳትስቁብኝ። ትናንት አንድ ተማሪ የባቡር ጣቢያ ንድፍ ይዞ መጣ፣ የመመረቂያ ሥራው ነው፣ በቻይና አሠራር ነው የሠራሁት አለኝ። ስድስት ሐዲድ ጎን ለጎን ተሰምሯል። ቁጥሩ ግን ከላይ ወደ ታች 5፣ 3፣ ሮማን 1፣ ሮማን 2፣ 4፣ 6 ይላል። እንቅልፍ አጥቶ ተምታቶበት ነው ብዬ ከ1 እስከ 6 በተራ አስተካክዬ አተምኩለት። አሁን ደውሎ «ምን አደረግከኝ!» እያለ ነው። ጥፋቱ የማን ነው?

የቡሬ ልጅ፦
ያንተ ነዋ! ሃሃ። መሀል ያሉት ሁለቱ ዋና መስመሮች ናቸው፣ አንዱ መሄጃ አንዱ መመለሻ። ጣቢያው ላይ የማይቆም ባቡር በእነሱ ነው የሚያልፈው፣ ለዚህ ነው ከሌላው እንዲለዩ በሮማን የሚጻፉት። እኛ ብንሆን ዋናዎቹን ፩ እና ፪፣ የጎኖቹን 3 እና 4 ብለን እንደ መጻፍ በለው። ከዚያ ወደ ውጭ ስትቆጥር በአንዱ ወገን ጎዶሎ፣ በሌላው ወገን ተጋማሽ ቁጥር ይሆናል። «4 ላይ ባቡር ቆሟል» ከተባልክ ንድፉን ሳታይ በየትኛው ወገን እንዳለ ታውቃለህ። ተጋማሹ ወደ ቤጂንግ የሚወስደው ወገን ነው፣ እሱን «ሽቅብ» ይሉታል። እንግሊዞችም ወደ ለንደን የሚሄደውን እንደዚሁ ነው የሚሉት። ከመሬቱ አቀበት ጋር አይገናኝም፣ ቢገናኝማ እኛ አዲስ አበባ ለመግባት አባይ በረሃን ወርደን ስንወጣ ስሙ ሁለት ጊዜ ይቀየር ነበር።

ጨሞጋ፦
እሺ ገባኝ። ግን ገጽ ሁለት ላይ ሌላ ጣቢያ አለ፣ እዚያ ከጣቢያው ቤት ጀምሮ 1፣ ሮማን 2፣ 3 ይላል። ጎዶሎና ተጋማሹ የት ገባ?

ከዚራ፦
ልጄ፣ እሱ ነጠላ መስመር ነው። ያው አንዱ ሐዲድ ለመሄጃም ለመምጫም ስለሆነ ከጣቢያው ሕንፃ ጀምሮ በተራ ይቆጠራል። ዋናው መስመር ሁለተኛው ላይ ስለዋለ ሮማን 2 ተባለ። 1 እና 3 ባቡር ከባቡር ሲተላለፍ አንዱ ገብቶ የሚጠብቅባቸው ናቸው። አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመርም እስከ አዳማ ድርብ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ነጠላ። የድሮው የእኛ ባቡርማ፣ ያ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር የነበረው፣ ነጠላ ነበር፤ ሌላው ባቡር እስኪያልፍ ጣቢያ ላይ ቆመህ ሻይህን ትጠጣለህ። ይልቅ የሐዲድ መቀየሪያዎቹን ቁጥርስ ነክተሃል? እነሱ በጣቢያው አንድ ጫፍ ጎዶሎ፣ በሌላው ጫፍ ተጋማሽ ናቸው፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ይቆጠራሉ።

የጮቄ ጉም፦
እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። እዚህ ደግሞ ሜዳ ላይ ያለ መጠበቂያ ሐዲድ የሚጠራው በቦታው ስም ነው፣ ባቡር ነጂው «እገሌ ጋ ገብተህ ጠብቅ» ይባላል። ዋናው ሁለት ሲሆን ዋና 1፣ ዋና 2 ነው። የትኛው 1 እንደሆነ ግን ከድርጅት ድርጅት ስለሚለያይ መመሪያውን ሳያይ የሚገምት የለም። ፉርጎ በሚደረደርበት ግቢ ውስጥ ብቻ ነው ያንተ ዓይነት በተራ የሚሄድ ቁጥር የሚበዛው። እዚያ ብትቀጠር ይሻልህ ነበር።

ጨሞጋ፦
ጋሼ ከዚራ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መቀየሪያዎቹንም ነክቻለሁ። 1፣ 3፣ 5 ብቻ ሳይ 2ንና 4ን ረስቷቸዋል ብዬ ሞላሁለት። ደግነቱ የልጁ ፋይል ፍላሹ ላይ እንዳለ ነው። ነገ በጠዋት ሁሉንም ገጽ በነፃ አትምለታለሁ። ወረቀቱ ደግሞ ኤ ዋን ነው፣ ያውም ባለቀለም።