ፒካፕ ላይ ዳሽ ካም በቋሚ መስመር ማስገጠም፣ ባትሪ ሳይጨርስ እንዴት ይሆናል?

ባለ ቪጎው

ሰላም ቤተሰብ። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነች ያለችኝ፣ ቪጎዋ፣ ናፍጣ፣ ኮድ 3። ቤቴ ሱሉልታ ነው፣ ግቢው ስለማያስገባ ማታ ማታ አጥር ስር ውጪ ነው ማቆማት። በቀደም ጠዋት ስወጣ የኋላ በሩ ላሜራ ገብቶ ቀለሙ ተልጦ ጠበቀኝ፣ ማን እንደነካት የሚያውቅ የለም፣ ዘበኛውም ምንም አልሰማሁም አለ (ድብን ብሎ ተኝቶ እንዴት ይስማ)። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደሞ እንኳን መኪናዋ ስፖኪዮዋም እንደ ልጅ ነው የምትጠበቀው።

ለማንኛውም የፊትና የኋላ ያለው ዳሽ ካም (መስታወት ላይ ተለጥፎ የሚቀዳው ካሜራ) ገዛሁ። አሁን ሲጋራ መለኮሻው ላይ ነው የሰካሁት፣ ግን ቁልፍ ሳጠፋ እሱም አብሮ ጥፍት ይላል፣ ለሊት አይቀዳም ማለት ነው፣ እኔ ደሞ የገዛሁት ለለሊቱ ነው። ገመዱም ተንጠልጥሎ ካምቢዮ በቀየርኩ ቁጥር እጄ ላይ ይጠመጠማል። የሰፈር ኤሌትሪሺያን ጠይቄ "ከባትሪው ቀጥታ ሽቦ ስቤ አስገባልሃለው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም" አለኝ፣ ቅልል አድርጎ ሲያወራው ነው የፈራሁት። እዚህ በብርድ ጠዋት ናፍጣ ማስነሳት ራሱ ጭንቅ ነው፣ ባትሪ ከጨረሰብኝ ማን ይገፋልኛል። የሰራችሁት ካላችሁ ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ የቱ ላይ እንደሚገባ ጭምር ንገሩኝ።

ቃሊቲ አውቶ ኤሌትሪክ

ወንድሜ ቀጥታ ከባትሪ የሚልህን ሰው መኪናህን አታስነካው። አንደኛ ካሜራው የሚሰራው በ5 ቮልት ነው መኪናህ ደሞ 12፣ መሀል ላይ መቀነሻ የግድ ነው። ሁለተኛ መሀል ላይ ፊውዝ የሌለው ሽቦ ኮፈን ስር ካሳለፍክ አንድ ቀን ላሜራ ልጦት ማሳ (የመኪናው ብረት፣ ኔጌቲቩ) ሲነካ መኪናው ነው የሚቃጠለው፣ ካሜራው አደለም።

አንተ የምትፈልገው ሃርድዋየሪንግ ኪት ሚባለውን ነው። ትንሽ ሳጥን አላት፣ ከሷ በአንድ በኩል ወደ ካሜራው የሚሄድ ገመድ በሌላ በኩል ሶስት ሽቦ ይወጣል። አንዱ ሁሌ ኃይል ያለበት ላይ ይገባል፣ አንዱ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኝ ላይ፣ ሶስተኛው ማሳ ነው። የሁለቱን ቀለም ከኔ ወይ ከዩትዩብ አትውሰድ፣ አንዱ ፋብሪካ ቀይ ያለውን ሌላው ቢጫ ይለዋል፣ ከኪቱ ጋር የመጣውን ወረቀት እይ። ካሜራው መኪናው መቆሙን የሚያውቀው በሁለቱ ልዩነት ነው፣ የቁልፉ መስመር ሲጠፋ ወደ ፓርኪንግ ሞድ፣ ማለትም ቆሞ ወደ መጠበቁ ይገባል። ሁለቱንም አንድ ላይ አስረው "ይሰራል" ብለው የሚሸኙህ አሉ፣ አዎ ይሰራል፣ ግን ሌት ተቀን መኪናው እየሄደ ነው ብሎ ነው የሚቀዳው።

ፊውዙ ጋ ስትመጣ ሽቦ ልጠህ ፊውዝ እግር ላይ ጠምጥመህ እንዳትመልሰው፣ እዚህ ሀገር የለመድነው እሱን ነው። ፊውዝ ታፕ የሚባል አለ፣ የድሮውን ፊውዝና የካሜራውን ፊውዝ ሁለቱንም የሚሸከም፣ ሶማሌ ተራ ፈልገህ አታጣውም። መጠኑ ግን ይለያያል፣ ከመኪናህ ላይ አንድ ፊውዝ ነቅለህ ይዘህ ሂድና አስተያይ። ለካሜራው 2 ወይ 3 አምፔር ይበቃዋል፣ ኪቱ ላይ የተጻፈ ካለ እሱን ተከተል።

የት ይገባል ላልከው፣ ለቁልፉ የሲጋራ መለኮሻው ወይ የራዲዮው መስመር ጥሩ ነው። ለቋሚው የጋቢና መብራት ወይ ሃዛርድ፣ እነሱ አንዳንዱ መኪና ላይ ኮፈን ስር ባለው ሳጥን ነው ያሉት፣ የሳጥኑ ክዳን ጀርባ ላይ ስሙ አለ። ኤርባግ፣ ኤቢኤስ፣ የሞተር ኮምፒውተር የሚሉትን እንዳትነካ፣ ባዶ ቦታ ቢመስልህም አትንካ። ቴስተር ይዘህ ቁልፍ አጥፍተህም ከፍተህም ለካ፣ በግምት አይሆንም።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደሞ ታፑ ፊትና ጀርባ አለው። ሰክተህ ስትጨርስ የድሮውን ፊውዝ ብቻ ከታፑ ላይ ንቀልና ወደ ካሜራ የሚሄደውን ሽቦ ለካ። 12 ካለ ልክ ነው፣ ዜሮ ካለ ገልብጠው ስካው። ተገልብጦም ካሜራው ይበራል፣ ግን ጭነቱ በድሮው ፊውዝ በኩል ነው የሚያልፈው፣ እሱ ሲቃጠል ካሜራህም አብሮ ይሞታል።

ማሳውን ቀለም የተቀባ ቡሎን ላይ አትሰር፣ ባዶ ብረት ፈልግ።

የለገጣፎ ልጅ

የባትሪውን ነገር ላስላልህ። ሁለት ካሜራ ያለው በፓርኪንግ ሞድ 5 ዋት ገደማ ቢስብ ነው፣ በ12 ቮልት 0.4 አምፔር በለው። ከማታ 1 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት 12 ሰዓት ነው፣ 5 አምፔር ሰዓት አይሞላም። 70 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ካለህ ለአንድ ለሊት ምንም አይለውም። ችግሩ አርብ ማታ አቁመሃት ሰኞ ጠዋት ስትመጣ ነው፣ ያ ወደ 25 ይጠጋል፣ ባትሪው ያረጀ ከሆነ ደሞ 70 የሚለው ጽሑፍ ብቻ ነው የቀረው ውስጡ ግማሹም የለም።

ለዚህ ነው ኪቱ ላይ መቁረጫ ያለው፣ ቮልቱ ሲወርድ ካሜራውን ራሱ ያጠፋዋል። አብዛኞቹ ላይ ከ11.6 ጀምሮ እስከ 12.4 የሚመረጥ ነው። ቆሞ ያደረ ጤነኛ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 እና ከዛ በላይ ነው፣ 12.2 ላይ ግማሽ ደርሷል። ብዙ ሰው ረጅም ሰዓት ይቅዳልኝ ብሎ 11.6 ላይ ያረገዋል፣ በዛ ላይ ማሞቂያ ካንዴላውም ሞተሪኖውም (ሞተር ማስነሻው) ከዛው ባትሪ ነው የሚበሉት፣ በሱሉልታ ብርድ። አንተ 12.2 ላይ አርገው፣ ባትሪህ ካረጀ 12.4። ለሊት 9 ሰዓት ላይ ካሜራው ከጠፋብህ ካሜራውን አትሳደብ፣ ባትሪውን አስመርምር።

ምን ሲደረግ

እኔ ምለው ግን ማታ ውጪ የሚያድር መኪና ላይ ካሜራ ተክሎ ማደር ሌባ መጥራት አይሆንም? ለካሜራው ብሎ መስታወቱን ቢሰብረውስ፣ ስፖኪዮ ነቅሎ የሚሄድ ሰው ካሜራ ይተዋል? ዘበኛውን መቀየር ነው የሚሻለው 😂

ባለ ቪጎው

@ምን ሲደረግ ዘበኛውማ የሰፈሩ ሁሉ ነው እኔ ብቻዬን አልቀይረውም። ያልከው ግን አሳስቦኛል

ሰንዳፋ መስመር

ትንሽዬ ጥቁር ከሆነች ከመሀል ስፖኪዮው ጀርባ ለጥፋት፣ ከውጪ አትታይም፣ ስክሪኗን በአንድ ደቂቃ እንድትጠፋ አርጋት፣ የምታበራ ቀይ መብራት ካላት ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አጥፋት። የምትለጥፍበት ቦታ ላይ ግን ዋይፐሩ የሚጠርገው ጋ መሆኑን እይ። የጭቃና የአቧራ መንገድ ላይ ነው የምትውለው፣ ዋይፐር ካልደረሰበት በሳምንቱ ቡናማ ፊልም ነው የምታየው።

እኔ ግን ዋናውን ነገር ማንም አላነሳውም። ጂ ሴንሰሩ! ግጭት ሲሰማው ቪዲዮውን ይቆልፈዋል፣ የተቆለፈ ፋይል ደሞ በላዩ አይቀዳበትም። ፋብሪካው ያሰበው አስፋልት ነው፣ ከዋናው መንገድ ወርደህ ኮብልስቶን ላይ ስትገባ፣ ፒካፕ ደሞ ባዶዋን ስትሆን ኋላዋ እንዴት እንደምትዘል ታውቃለህ፣ እያንዳንዷን ጉድጓድ አደጋ ደረሰ ብሎ ይቆልፍልሃል። ሚሞሪው በተቆለፈ ጉድጓድ ይሞላና እውነተኛው ቀን ሲመጣ ቦታ የለም። ለመንዳት ዝቅተኛው ላይ አርገው ወይ አጥፋው። የፓርኪንጉ ለብቻው የሚስተካከል ከሆነ እሱን መካከለኛ ላይ ተወው፣ ቆሞ ስለሆነ ጉድጓድ የለበትም።

ሚሞሪውም ሀይ ኢንዱራንስ የሚል ይሁን። የስልኩ ሚሞሪ ቀን ከለሊት ሲጻፍበት ቶሎ ይሞታል፣ ሲሞት ደሞ አይነግርህም፣ ካሜራው ይበራል መብራቱ ብልጭ ይላል ውስጡ ግን ባዶ ነው። በየወሩ ራሱ ካሜራው ላይ ፎርማት አርገው።

ጋሽ ደንበኛ

ልጆች፣ ሰዓቱንም አስተካክሉት። የመድን ሰዎችም ትራፊክም መጀመሪያ የሚያዩት ጥግ ላይ ያለውን ቀንና ሰዓት ነው። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፣ እኛ ከለሊቱ 8 ሰዓት ስንል እሱ 02:00 ይላል፣ የኛ ጥምቀት ለሱ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው። ቃል ስትሰጥ ሁለቱንም አቆጣጠር ጽፈህ ያዝ፣ አለበለዚያ ቪዲዮው ሌላ ቀን ነው ተብሎ ክርክር ይመጣል። ጂፒኤስ ያለው ከሆነ ሰዓቱን ራሱ ይይዛል፣ የሰዓት ሰቁን (ታይም ዞን የሚለውን) +3 ላይ ማድረግ ብቻ ነው። አንድ ነገር ከተፈጠረ ደሞ እዛው ቆልፈው፣ ወይ ሚሞሪውን አውጥተህ ኪስህ ክተተው፣ እየነዳህ ቤት ስትደርስ በላዩ ሊቀዳበት ይችላል።

እማ ገላን

ለኛ አይሱዙም ይሰራል ወይ ይሄ ኪት? ባለቤቴ ጭነት ላይ ነው ሚሰራው

ቃሊቲ አውቶ ኤሌትሪክ

@እማ ገላን እህቴ የናንተ 24 ቮልት ነው። ኪቱ ላይ 12–24 የሚል ካለበት ይሰራል፣ 12 ብቻ የሚለውን ከገጠማችሁ ወዲያው ነው የሚቃጠለው። መቁረጫውም ለ24 የሚሆን ቁጥር እንዳለው እዩ። ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ላይ ብቻ 12 እንስረቅ የሚል ከመጣ አትፍቀዱለት፣ ሁለቱ ባትሪ እኩል ሳይሞላ ይቀርና አንዱ ቶሎ ይሞታል።

ባለ ቪጎው

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ታፑንም ኪቱንም አገኘሁ፣ ዛሬ ከአጎቴ ልጅ ጋር ገጥመነው በርቷል፣ ታፑ መጀመሪያ ዜሮ አሳይቶ ነበር ገልብጠነው 12 አለ (ቃሊቲ ተባረክ)። መቁረጫው 12.2 ላይ ነው። የቀሩኝ ግን አሉ። የፊቱን ገመድ በፓራብሬዛው ጎን ባለው ምሰሶ ነው ያወረድነው፣ ፕላስቲኩን ሳንፈታ ጠርዙ ላይ ወተፍነው፣ ችግር አለው? የኋላውን ደሞ ጋቢናው መስታወት ላይ ከውስጥ ልለጥፈው ነው ያሰብኩት፣ ጭነት ስጭን ግን አያይም። እና ደሞ ካሜራው ሲበራ ኤፍኤም ላይ ሽሽሽ የሚል ድምጽ መጣ፣ ሸገርን መስማት አልቻልኩም።

ቃሊቲ አውቶ ኤሌትሪክ

ምሰሶው ፕላስቲክ ላይ ኤስአርኤስ ወይ ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካለ እንደዛ አትተወው። መጋረጃ ኤርባጉ በዛ በኩል ነው የሚፈነዳው፣ ገመዱ ከፊቱ ከሆነ ይይዘዋል ወይ ገመዱን ፊትህ ላይ ይወረውረዋል። ፕላስቲኩን ፈትታችሁ ገመዱን ከኤርባጉ ጀርባ አሳልፉና ከነባሩ የሽቦ ጥቅል ጋር እሰሩት። ጽሑፉ ከሌለ ችግር የለውም፣ ከታች ግን በሩ ሲዘጋ እንዳይቆርጠው ከበሩ ዙሪያ ጎማ ውስጥ አስገባው።

የኋላው ከውስጥ ይሁን። ካሳው (የጭነት ቦታው) ላይ ከውጪ ማድረግ ይቻላል ግን ውሃ የማያስገባ ካሜራ ይፈልጋል፣ ገመዱም ከስር አልፎ ነው የሚገባው፣ ድንጋይና ጭቃ ይበላዋል። ጭነት በምትጭንበት ቀን አያይም፣ ማታ ባዶ ስትቆም ግን ያያል፣ የገዛኸው ለሱ አደል?

ድምጹ የኪቱ መቀነሻ ነው፣ ርካሾቹ ራዲዮ ይረብሻሉ። ሳጥኗን ከራዲዮውና ከአንቴናው ሽቦ አርቃት፣ ፊውዝ ሳጥኑ ጋ ታች አስቀምጣት። ትርፉን ገመድ አንድ ላይ ጠቅልለህ ራዲዮው ጀርባ ከወተፍከው አውጣው። ካልጠፋ ፌራይት የሚባል፣ የድሮ ኮምፒውተር ገመድ ላይ ያለው ጥቁር ድብልብል፣ የሚከፈትና የሚዘጋ አይነቱን ካሜራው ገመድ ላይ መቀነሻዋ አጠገብ ግጠም።

ባለ ቪጎው

ሳጥኗ ራዲዮው ጀርባ ነች ከነገመዱ 😅 ነገ አወርዳታለው። ምሰሶው ላይ ምንም ጽሑፍ የለም፣ አይቻለው።

ሰንዳፋ መስመር

ስታወርዳት ናስትሮ ብቻ ጠምጥመህ እንዳትተዋት፣ በሙቀት ማጣበቂያው ይለቃል፣ እዛ መንገድ ላይ ስትዘል ፍሬን ፔዳል ስር ነው የምትገኘው። በፕላስቲክ ማሰሪያ ከብረት ጋ አስረህ ፔዳሎቹን ሁሉ እስከ ታች ረግጠህ እይ።